መጀመሪያ እሳቱ፣ ቀጥሎ ነፋሱ

ባለፈው ቅዳሜ ከጎባ ወደ ሮቤ በሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ ተቀምጬ ሳለ፣ ካፖርታቸውን እስከ አገጫቸው የቆለፉ ከዘራ የያዙ ሽማግሌ ረዳቱ ደግፏቸው ገቡና አጠገቤ ተቀመጡ። ፊታቸውን ልብ ብዬ አላየሁትም ነበር። ጉሮሯቸውን ሲጠርጉ ግን ዐወቅኋቸው። የሰው ጠጉር ይሸሻል፣ ጉንጭ ይጎደጉዳል፣ የጉሮሮ አጠራረግ ግን ከባለቤቱ ጋር ያረጃል እንጂ አይለወጥም። የድሮው አለቃዬ አቶ ደምሰው ነበሩ። እሳቸውም ዞር ብለው አዩኝ።

«አንቺ እታፈራሁ አይደለሽም?»

«ነኝ።»

«ያቺ ግትር?»

«እሷው ነኝ።»

ሳቅና ሳል ተቀላቀለባቸው። ከጎባ ወጥተን የስንዴው ማሳ በሁለቱም በኩል ሲገለጥ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «እስኪ አሁን ሁለታችንም አርጅተናል። ማንም አይታዘበንም። ያን ያህል መጠበቅ ያስፈልግ ነበር?» አሉኝ።

«ያስፈልግ ነበር።»

«መኪና ተሰልፎ፣ ዝናብ እየወረደ?»

«ዝናብ እየወረደ።»

«ዛሬም ቢሆን?»

«ዛሬም ቢሆን፣ አቶ ደምሰው። ነገም።»

ከዘራቸውን የሚኒባሱ ወለል ላይ መታ አድርገው ወደ መስኮቱ ዞሩ። ሮቤ ስንደርስ እጃቸውን ይዤ አወረድኳቸው፣ ትከሻ ለትከሻ ተሳሳምን፣ በሰላም ተለያየን። ቂም የለንም። ጥያቄያቸው ግን ቀኑን ሙሉ ሲያንገበግበኝ ዋለ። ሰው ከዚህ ሁሉ ዘመን በኋላ «ያን ያህል ያስፈልግ ነበር?» ብሎ የሚጠይቀው፣ እርጅና ልብን ያለሰልሳል፣ እሺም ያሰኛል ብሎ ይሆናል። የእኔን አላለሰለሰውም። ስለዚህ ነገሩን ከነአመጣጡ ልናገር።

ያኔ የሮቤን መንገድ ባጃጅ አልወረረውም ነበር። ከተማው የጋሪ ነበር። የፈረሶቹ ቃጭል ከንጋት ጀምሮ ይሰማል፤ ዝናብ ሲበረታ ጭቃው የጋሪውን ጎማ ስለሚውጠው ባለጋሪው ወርዶ ከፈረሱ ጋር እኩል ይገፋል። ሻይ በሳንቲም የሚጠጣበት፣ ከጎባ ሮቤ በሁለት ብር ተሳፍረው ዝርዝሩን የኪስ ሌባ እንኳ የማይመኝበት ጊዜ ነው። ከመናኸሪያው ፊት ለፊት ሁለት የካሴት ቤቶች ጎን ለጎን ነበሩ። አንዱ የኦሮምኛ፣ ሌላው የአማርኛ ዘፈን ይለቃል፤ መካከላቸው የቆመ ሰው ሁለቱን ባንድ ጊዜ ስለሚሰማ ሦስተኛ ዘፈን ይሆንለታል። እኔ እስከ ዛሬ ወጥ ቤት ውስጥ አንዱን የአማርኛ ዘፈን ጀምሬ አዝማቹ ላይ ስደርስ ሳላስበው ወደ ኦሮምኛ የምሻገረው፣ እዚያ ጥግ ላይ ጋሪ ስጠብቅ ስለኖርኩ ነው። ወንዱ ትከሻው የሰፋ ሰልባጅ ጃኬት ይለብሳል፤ ሴቱ ረጅም ቀሚስ ላይ ሹራብ፣ ሹራቡ ላይ ነጠላ። እኔ ጂንስ ሱሪ ለብሼ፣ የአባቴን አሮጌ ካፖርት ደርቤ እሄድ ስለነበር፣ ካሴት ቤቶቹ በር ላይ የሚቆሙት ጎረምሶች «ኢንጅነሯ መጣች» ይላሉ። ስድብ ይሁን ሙገሳ ጠይቄ አላውቅም። ሱሪውንም አልቀየርኩም።

እኔ የጎባ ልጅ ነኝ። ጎባ የባሌ ክፍለ ሀገር ዋና ከተማ የነበረችበትን ዘመን አልረሳችም፤ ዛሬም ሮቤን የምታያት ቀድማ እንዳገባች ታናሽ እህት ነው። አያቴ ከመንዝ በጸሐፊነት ተመድቦ መጥቶ ብርዱንም ሰዉንም ወዶ ቀረ። አባቴም ጸሐፊ ነበር። ቤታችን አማርኛ፣ ደጃችን ኦሮምኛ ነበር፤ ስንጣላ በሁለቱም እንሰዳደባለን። አዲስ አበባ ኤሌክትሪካል ምሕንድስና ተምሬ፣ እዚያው ኮምፒውተር ሥራ ላይ ዓመታት ቆይቼ፣ እናቴ ስትታመም ተመለስኩ። የሚያውቁኝ ሁሉ «እዚያ ብርድ ውስጥ ምን ሥራ አለ?» አሉኝ። ሥራ ነበረ።

ከሮቤ ወጣ ብሎ በሲናና መንገድ ላይ አንድ የግል ድርጅት የዘር ስንዴና ገብስ ማድረቂያ ተክሎ ነበር። ሥራ አስኪያጁም ባለ ድርሻውም አቶ ደምሰው ነበሩ። ማድረቂያ ለምን አስፈለገ የሚል ካለ፣ በኛ አገር በዓመት ሁለቴ ይታጨዳል። አንደኛውን ወቅት በኦሮምኛ ገና እንለዋለን፤ አዲስ አበቤዎች ሲሰሙን የልደት በዓል ይመስላቸዋል። የገና እህል የሚደርሰው ዝናብ ላይ ነው። ኮምባይነሩ አጭዶ የሚያወጣው ስንዴ እርጥብ ስለሆነ ተከምሮ ካደረ ይሞቃል፣ ይሻግታል፣ ጆንያው ውስጥ ይበቅላል። ማድረቂያው እንግዲህ ከታች በናፍጣ የሚነድ ምድጃ፣ ከጎኑ ጎጆ የሚያህል ማራገቢያ፣ ከላይ እህሉ ቀስ እያለ የሚወርድበት ረጅም የብረት ማማ ነበር። ይህን ሁሉ የሚያዘው መስታወት ባላት ጠባብ ክፍል ውስጥ የተቀመጠ ኮምፒውተር ነው። የዚያን ግቢ ሽታ ዛሬም አልረሳሁትም፤ እርጥብ ስንዴ ሲሞቅ የሚሸተው ልክ ዝናብ የነካው ሣር ቤት ውስጥ ሲደርቅ ነው።

ኮምፒውተር በራሱ እሳት ማብራትም ማጥፋትም አያውቅም። ሆዱ ውስጥ አንድ ካርድ አለ፤ ካርዱ በሽቦ ከምድጃው፣ ከማራገቢያውና ከሙቀት መለኪያዎቹ ጋር ይገናኛል። ኮምፒውተሩና ካርዱ የሚግባቡበት ፕሮግራም ድራይቨር ይባላል። አስተርጓሚ በሉት። የእኛን ድራይቨር የጻፈው ማሽኑ ከተሠራበት አገር ያለ፣ ስንዴ በጆንያ ተሸክሞ የማያውቅ ሰው ነው። ጥሩ ጸሐፊ ነበር፤ አልዋሽበትም። አንድ ነገር ብቻ ረስቷል።

ማሽኑን የሚያሠሩት ኦቦ ከድር ነበሩ። ቀጭን፣ ረጅም፣ ጢማቸውን በጥንቃቄ የሚያስተካክሉ፣ ብዙ ዓመት ትራክተር ሲነዱ የኖሩ ሰው። በየጠዋቱ «አካም ቡልቴ፣ ኢንጅነር?» ብለው እንዴት እንዳደርኩ ሳይጠይቁኝ ወደ ማሽኑ አይሄዱም። ከቤታቸው ኢቲቱ ይዘው ይመጣሉ፤ በቢላዋ የሚቆረጥ የሚመስል የረጋ ወተት ነው። ያንን እየጠጣን ስለ ልጆቻቸው ያወሩኛል። ኮምፒውተሩ አንዳንዴ ስታክ ያደርግ፣ ባለበት ደርቆ ይቀር ነበር። ያን ጊዜ የአቶ ደምሰው ትእዛዝ አጭር ነው፤ «ሪስታርት አድርገው፣ ቀጥል።»

እኔ በተቀጠርኩ በመጀመሪያው የዘር ወቅት ማብቂያ ላይ አንዲት ሴት ዝናብ የመታውን ሻሿን ሳትጨምቅ ቢሮ ገባች። አዴ ዘይነባ ትባላለች፤ አዴ በኦሮምኛ እንደ ወይዘሮ ነው። ባሏ ሞቶባት የሲናና ማሳዋን ራሷ የምታሳርስ፣ ድምፅዋ ከሩቅ የሚሰማ ሴት ናት። በእፍኟ የያዘችውን ጭቃ አቶ ደምሰው ጠረጴዛ ላይ ዘረገፈችው። ጭቃው ውስጥ የስንዴ ፍሬዎች ነበሩ፤ አብጠው፣ ጠቁረው፣ አንዱም ሳይበቅል።

«ይሄ ምንድን ነው?» አለች። «እኔ ዘር አመጣሁ። እናንተ ቆሎ መለሳችሁልኝ። ቆሎ ይዘራል እንዴ?»

እሷ ብቻ አልነበረችም። የእሷ ዘር በደረቀበት ቀን ያስደረቁ ጎረቤቶቿ ሁሉ ማሳቸው ባዶ ሆነ። ከልክ ያለፈ ሙቀት የነካው ስንዴ ሲያዩት ጤነኛ ይመስላል፤ ያምራል፣ ይከብዳል፣ ውስጡ ግን ሞቷል። ይህን የሚያውቁት መሬቱ ዝም ሲል ነው። አቶ ደምሰው ጭቃውን አይተው፣ እኔን አይተው፣ ኦቦ ከድርን አስጠሩ።

«ያን ቀን ማሽኑ ላይ የነበርከው አንተ ነህ። ተኝተህ አቃጠልከው» አሏቸው።

«ወላሂ አልተኛሁም» አሉ ኦቦ ከድር። «ኮምፒውተሩ ስታክ አደረገ። እንደታዘዝኩት ሪስታርት አደረግኩት። ሲነሳ መልሶ ስታክ አደረገ። ደግሜ አደረግኩት።»

እኔ ጣልቃ ገባሁ። «ኦቦ ከድር፣ ኮምፒውተሩ ጠፍቶ እስኪነሳ እሳቱስ ጠፍቶ ነበር?»

«የለም። ሲጮህ ነበር። እኔ ማሽኑ ያዘዘው መስሎኝ።»

«ቀልድ ነው!» አሉ አቶ ደምሰው። «ኮምፒውተሩ ከጠፋ እሳቱን ማን ያዘዋል? አብሮ ይጠፋል እንጂ!»

ይህ የሞኝ ንግግር አልነበረም። ዛሬም ብዙ ሰው የሚያስበው እንደዚያ ነው። ኦቦ ከድር ግን በዚያች ንግግር ተፈረደባቸው። ወሬው ከእኛ ግቢ ቀድሞ ገበያ ደረሰ። ባሌ ውስጥ የገበሬን ዘር ማበላሸት ከስርቆት ይብሳል፤ ሌባ የወሰደውን ይመልስ ይሆናል፣ ያለፈ ወቅትን ግን ማን ይመልሳል? በሚቀጥለው ገበያ አብሬያቸው ስሄድ አንድ የጥንት ወዳጃቸውን «አካም ጅርታ» ብለው እጃቸውን ዘረጉ። ሰውየው ወደ በጎቹ ዞረ። የኦቦ ከድር እጅ እንደተዘረጋ ትንሽ ቆየና ወደ ኪሳቸው ገባ። እኔ ግን ያን ጊዜ ቆረጥኩ።

ማሽኑ ሲመጣ የድራይቨሩ ኮድ ያለበት ሲዲ አብሮት መጥቶ ነበር፤ ላስቲኩ እንኳ አልተቀደደም። የምሳ ሰዓት ላይ ሰው ሁሉ ሲወጣ ጋቢዬን ተከናንቤ፣ በቅቤ የታሸ የገብስ ጩኮዬን እየቆረጥኩ አነብ ጀመር። ድራይቨሩ ካርዱን መቀስቀስ ያውቃል። እሳት ማስለኮስ ያውቃል። ሙቀት ማንበብ ያውቃል። አንድ የማያውቀውን ነገር ለማግኘት ሁለት ሳምንት ያህል ፈጀብኝ፤ የሌለ ነገር መፈለግ ካለ ነገር ፍለጋ ይከብዳል። የኮምፒውተሩ ዋና ፕሮግራም፣ ሲስተሙ፣ እንደገና ሊነሳ ሲል እያንዳንዱን ድራይቨር ይጠራል፤ «ልጠፋ ነው፣ በእጅህ ያለውን አስቀምጥ» ይላል። የእኛው ድራይቨር ለዚያ ጥሪ ምንም መልስ አልተጻፈለትም። ስለዚህ ኮምፒውተሩ ሁሉን ረስቶ ሲጠፋ፣ ካርዱ የመጨረሻዋን ትእዛዝ ይዞ ይቀራል። የመጨረሻዋ ትእዛዝ «እሳቱን ጨምር» ከሆነች፣ የሚቆጣጠረው ሳይኖር እሳቱ ይጨምራል። ሌላም ነበር። ካርዱ የሙቀቱን ንባብ በቀጥታ ወደ ኮምፒውተሩ ሚሞሪ፣ ወደ ማስታወሻ ቦታው፣ ይጽፍ ነበር። ኮምፒውተሩ ሲነሳ ያንኑ ቦታ ለሌላ ሥራ ይሰጠዋል፤ ካርዱ ይህን አልሰማም፣ በአዲሱ ነገር ላይ ይጽፍበታል። ኦቦ ከድር «ሲነሳ መልሶ ስታክ አደረገ» ያሉት ይህንን ነበር። እሳቱም ያን ሁሉ ጊዜ ሳይታዘዝ ሲነድ ቆየ።

ወደ አቶ ደምሰው ቢሮ ገብቼ ነገርኳቸው። አዳመጡኝ። ከዚያም በሩን ዘጉና «እታፈራሁ፣ አንቺ የተማርሽ ነሽ። ይህን ለገበሬ ብትነግሪው ማሽኑ ጠንቅ አለው ብሎ ይሸሻል። ድርጅቱ ይዘጋል። አንድ ሰው ይሂድና ሌላው ይትረፍ» አሉኝ። ክፉ ሰው አልነበሩም። የሠራተኛ ልጅ ሲታመም በራሳቸው መኪና ጎባ ድረስ የሚያደርሱ ሰው ናቸው። ፈርተው ነው። ፍርሃታቸው ገብቶኛል፤ ግን የሚሄደው ሰው ማን እንደሆነ አይቻለሁ፣ እጁ አየር ላይ ሲቀር።

ነገሩ በሽማግሌ ይታይ ተባለና ሽማግሌዎቹ ግቢው ድረስ መጡ። ቡሉኳቸውን ተከናንበው አግዳሚ ወንበሮች ላይ ተቀመጡ፤ ዘራቸው የጠፋባቸው ገበሬዎች ከኋላቸው ቆሙ፤ አዴ ዘይነባ ከፊት። ኦቦ ከድር ብቻቸውን በአንድ ጎን ነበሩ። አቶ ደምሰው ያሉትን አሉ። እኔ ተነሳሁ። ጠዋት ወደ ምድጃው የሚሄደውን ሽቦ ፈትቼ በምትኩ አንድ አምፖል አስሬበት፣ አምፖሉን ሁሉም እንዲያየው ከመስታወቱ ውጪ አንጠልጥዬው ነበር።

«ምን ጨዋታ ነው ይሄ?» አሉ አቶ ደምሰው።

«እርስዎ ተናግረዋል። አሁን ማሽኑ ይናገር» አልኳቸውና ወደ ሽማግሌዎቹ ዞሬ በኦሮምኛ አስረዳኋቸው፤ አምፖሉ ሲበራ እሳቱ ነዷል ማለት ነው፣ ሲጠፋ ጠፍቷል ማለት ነው። ኮምፒውተሩን እሳቱን አብራ አልኩት። አምፖሉ በራ። «አቶ ደምሰው፣ ኦቦ ከድር ያደረጉትን እርስዎ ራስዎ ያድርጉት። ሪስታርት ያድርጉት።»

አመነቱ። ሰው ሁሉ ያያቸዋል። ገቡና አደረጉት፤ እውነቴን ነው፣ አምፖሉ አብሮ እንደሚጠፋ ቅንጣት አልተጠራጠሩም። ስክሪኑ ጨለመ። አምፖሉ ቦግ እንዳለ ነው። ስክሪኑ ነጭ ጽሑፍ ማውጣት ጀመረ፤ ቆመ፤ ዝም አለ። አምፖሉ ቦግ እንዳለ ነው። በመጨረሻ በዕድሜ የገፉት ሽማግሌ ከዘራቸውን ወደ አምፖሉ ቀስረው «ዱጋ ነው» አሉ፤ እውነት ነው ማለታቸው ነው። «ሰውየውን ልቀቁት። ማሽኑን ያዙት።»

ሰዉ ሳቀ። አዴ ዘይነባ አልሳቀችም። በጭቃው ላይ ተራምዳ ኦቦ ከድር ፊት ቆመች፤ እጇን ዘረጋች። «አፉ በለኝ» አለቻቸው፣ ይቅር በለኝ ለማለት። እጇን በሁለት እጃቸው ያዙት፤ ከዚያ ፊታቸውን ወደ ማማው አዞሩ። ትከሻቸው ሲንቀጠቀጥ ሁላችንም ወደ ሌላ ቦታ አየን።

ሽማግሌዎቹ አንድ ነገር ወሰኑ። ማሽኑ ሲስተሙ ሲጠፋ እሳቱን ማጥፋት እስኪማር ድረስ ማንም ዘር አያመጣም። አቶ ደምሰው «በአደባባይ አዋረድሽኝ» አሉኝ። «በቢሮ ነግሬዎት ነበር» አልኳቸው። ከዚያ በኋላ ለረጅም ጊዜ ከሥራ በቀር አልተነጋገርንም።

ድራይቨሩ ላጣው ለዚያ የመጥፊያ ጥሪ መልስ ጻፍኩለት። ኢንተርኔት የሚባለው ያኔ በስልክ መስመር እየተንጫጫ የሚመጣ፣ ጎባ ላይ አንድ ቦታ ብቻ ያለ ነገር ነበር፤ ሄጄ የማነበውን በፍሎፒ ይዤ እመለሳለሁ፣ ፍሎፒው ብርድ ሲመታው አልከፈትም ይላል፣ ብብቴ ሥር አሙቄ እከፍተዋለሁ። ሥራው ቅደም ተከተል ነው። መጀመሪያ የናፍጣው መስመር ይዘጋና እሳቱ ይጠፋል። ማራገቢያው ግን አይቆምም፤ ማማው ውስጥ የቀረው ሙቀት ወጥቶ እስኪያልቅ ይነፍሳል፣ አለዚያ እሳት በሌለበትም እህሉ በተረፈው ግለት ይበስላል። ከዚያ ካርዱ መጻፉን እንዲያቆም ይነገረዋል። መንገር ብቻ አይበቃም፤ ማቆሙን እስኪመልስ ይጠበቃል። ይህ ሁሉ ሲያልቅ ብቻ ሲስተሙ እንዲሄድ ይፈቀድለታል። ዛሬ ጎረቤቴ ላፕቶፑን ሲያጠፋ «ይቆይ፣ እየተዘጋ ነው» ሲለው ተናዶ ቁልፉን ይዞ ሲጫነው አያለሁ። «ምን ያደርጋል እስካሁን?» ይለኛል። ይሰናበታል፣ እለዋለሁ። አንተ ከቤት ስትወጣ ምድጃውን አታይም? ያሾፍብኛል። ይሹፍ።

ከኮምፒውተሩ ሳጥን ፊት ግን አንዲት ትንሽ ቁልፍ ነበረች። እሷ ሲስተሙን ሳታማክር፣ ማንንም ሳትጠራ በቅጽበት አጥፍታ ታስነሳዋለች፤ የጻፍኩት ሁሉ በእሷ ፊት ዋጋ የለውም። ሳጥኑን ከፈትኩና የቁልፏን ሽቦ ከውስጥ ነቀልኩት። ለኦቦ ከድር ነገርኳቸው። ጢማቸውን እያሻሹ «ደግ አደረግሽ» አሉኝ።

በሚቀጥለው የገና አዝመራ ዝናቡ ከኮምባይነሩ ጋር እሽቅድምድም ያዘ። ከግቢያችን በር እስከ ዋናው መንገድ ድረስ መኪናና ጋሪ ተሰልፎ፣ ሸራ የለበሰ ጆንያ ሁሉ በእንፋሎት ይጤሳል። ማማው ውስጥ የነበረው የአዴ ዘይነባ ስንዴ ነበር፤ በሕይወት የተረፋት ዘር እሱ ብቻ መሆኑን ጠዋት ስትገባ ነግራናለች። እኩለ ቀን ላይ መቆጣጠሪያው ፕሮግራም ስታክ አደረገ። ሪስታርት እንዲያደርግ አዘዝኩት። ከታች የምድጃው ጩኸት ቀጥ አለ። ማራገቢያው ብቻውን ማጉረምረም ጀመረ። ኦቦ ከድርና እኔ ቆመን ጠበቅን። አቶ ደምሰው ካፖርታቸው ውሃ እያንጠባጠበ ገቡ።

«ምን ትጠብቂያለሽ?»

«ማማው እስኪቀዘቅዝ።»

«ሰዉ ሊበላኝ ነው እዚያ ውጪ! ቁልፉን ተጫኚው!»

«አልጫንም።»

ገፋ አድርገውኝ ራሳቸው ተጫኑት። ምንም አልሆነም። ደግመው ተጫኑት። «ምን ሆኗል ይሄ?»

«ሽቦውን ነቅየዋለሁ።»

ፊታቸው ሲለዋወጥ አሁን ድረስ ይታየኛል። ውጪ ሾፌሮቹ ጥሩንባቸውን ተያይዘውታል። «ይህ የእኔ ድርጅት ነው!» ብለው ጮኹ። «ዛሬውኑ፣ አሁኑኑ ከዚህ ትወጫለሽ!»

«እወጣለሁ» አልኳቸው። «ግን ተራ አለው። መጀመሪያ እሳቱ፣ ቀጥሎ ነፋሱ፣ ከዚያ ኮምፒውተሩ። እኔ በመጨረሻ እወጣለሁ።»

ኦቦ ከድር መጥተው አጠገቤ ቆሙ። ሦስታችንም የማራገቢያውን ድምፅ ስናዳምጥ ቆየን። የሙቀት መለኪያው መርፌ እየወረደ፣ እየወረደ ሄደ። ማራገቢያው ዝም አለ። ስክሪኑ ጨለመ፣ ጽሑፉ ወጣ፣ ሳይደናቀፍ እስከ መጨረሻው ወርዶ ተነሳ። ኦቦ ከድር «ቢስሚላህ» ብለው እሳቱን አስለኮሱ። እኔ ካፖርቴን ለበስኩና ወጣሁ። በሰልፉ አጠገብ ሳልፍ አንዱ ሾፌር ሰደበኝ። በሁለቱም ቋንቋ መለስኩለት።

እናቴ ስትሰማ «ሥራሽን በእጅሽ ጣልሽው» አለችኝ። ጎባ ላይ በአንዲት ጠባብ ክፍል ኮምፒውተርና ሬዲዮ እጠግን ጀመር፤ በዚያው እናቴን ጦርኩ፣ በዚያው አረጀሁ። አንድ ቀን አዴ ዘይነባ ጋሪ ላከችብኝ። ዝናብ እያካፋ ወደ ሲናና ወሰደችኝ። ማሳዋ ጥግ ላይ አቁማኝ ክንዴን ያዘች። ቡቃያው ከእግራችን ሥር ጀምሮ እስከ ጉብታው ድረስ ጥቅጥቅ ብሎ አረንጓዴ ሆኗል፤ ባዶ ቦታ የለውም። «ይሄ ሁሉ ያን ቀን የጠበቅሽው ነው» አለችኝ። ጎንበስ ብዬ ቡቃያውን በእጄ ዳበስኩት። ስመለስ ጀሪካን ሙሉ የሐረና ጫካ ማር ጋሪው ላይ አስጫነችልኝ። አይሆንም ብዬ ነበር። አልሰማችኝም፤ እሷም ግትር ናት።

አቶ ደምሰው ከአዲስ አበባ ባለሙያ አስመጥተው ሽቦውን ሊያስመልሱ፣ መጠበቁንም ሊያስጠፉ ሞክረው ነበር። ኦቦ ከድር ሥራ ልብሳቸውን አውልቀው ወንበሩ ላይ አጣጥፈው አስቀመጡና «ሽቦው ሲመለስ እኔ እሄዳለሁ። ሌላ ሰው ፈልጉ» አሉ። ሌላ ሰው ተፈለገ፤ ሮቤም ጎባም አልተገኘም። ገበሬዎቹም ሰምተው ኖሮ ማሽኑ አርጅቶ እስኪነቀል ድረስ የዘለቀ አንድ ልማድ አወጡ። ዘር የጫነ ሰው ሁሉ፣ የጋሪም ይሁን የመኪና፣ ግቢው በር ላይ ይቆምና ዘበኛውን ይጠይቀዋል፤ «ማሽኑ ይጠብቃል ወይስ አይጠብቅም?» ዝናብም ቢወርድ፣ ከኋላ ጥሩንባ ቢነፋም፣ ዘበኛው «ይጠብቃል» ብሎ እስኪመልስ ድረስ አንድ ጆንያ አይወርድም ነበር።